«የስንብት ክፍያ»፣ «ዳረጎት»ና «ግብር መቀነስ»፦ በአንድ የትርጉም ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሂስ

በሐዋሳ ከተማ፣ በታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ «የወታደር የስንብት ክፍያ አሰላልና ግብርን የመቀነስ ዘዴ» የሚል ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ አምጥተው እንድመለከትላቸው ጠየቁኝ። ተርጓሚው ስሙን አልገለጸም፤ ምንጩ የአሜሪካን ሠራዊት የሚመለከት መምሪያ ለመሆኑ ግን ስሌቱ ራሱ ይመሰክራል። ዐረፍተ ነገሮቹ ያለ ችግር ይነበባሉ። ጉድለቱ ያለው በስያሜዎቹ ላይ ነው።

በአሜሪካ ሕግ ያለ ፈቃዱ ለሚሰናበት ወታደር በአንድ ጊዜ የሚሰጠውን ገንዘብ ተርጓሚው አንድ ቦታ «የስንብት ክፍያ»፣ ሌላ ቦታ «ዳረጎት»፣ በመጨረሻው ገጽ ደግሞ «የጡረታ አበል» ይለዋል። እነዚህ በአገራችን ሕግ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። «የሥራ ስንብት ክፍያ» የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ቃል ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ ሠራዊት አባላትን አይመለከትም። «ዳረጎት» ለአበል የሚያበቃ የአገልግሎት ዘመን ሳይሞላለት ለሚሰናበት ሰው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ «አበል» ግን በየወሩ ይቀጥላል።

መደበላለቁ የሚያስከትለውን በአኃዝ እንመልከት። አንድ ወታደር በ2008 ዓ.ም. ዕድሜው ደርሶ፣ 20 ዓመት አገልግሎ ጡረታ ወጣ፤ የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙም 3,000 ብር ነበር እንበል። በጊዜው ይሠራበት በነበረው አዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.65 በመቶ ሲታሰብለት 46.5 በመቶ፣ ይኸውም በወር 1,395 ብር ይሆናል። ጽሑፉ የሚያቀርበው ቀመር የዓመት ደመወዝን 10 በመቶ በአገልግሎት ዘመን የሚያባዛ በመሆኑ 72,000 ብር ያወጣል። ሃምሳ አለቃውም በራሳቸው ደመወዝ ይህንኑ አስልተው፣ «ይህ ገንዘብ የት ቀረብኝ?» እያሉ ነበር የመጡት።

«ግብርን መቀነስ»ም እንደዚሁ አሳሳች ነው። በአማርኛ «ከደመወዙ ላይ ግብር ተቀነሰ» ሲባል ግብሩ ተቆርጦ ቀረ ማለት ነው፤ ዋናው ጽሑፍ ግን ከፋዩ በሕግ አግባብ ግብሩን የሚያሳንስበትን መንገድ ይገልጻል። «የግብርን ጫና ማቃለል» ቢባል አሻሚነቱ ይወገድ ነበር። (ወታደር በቤተ መንግሥት ግብር ይበላ እንደ ነበረ ለሚያስታውስ አንባቢ ቃሉ ራሱ ፈገግ ያሰኛል።) ነገሩ የቃል ጣጣ ብቻም አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሥራ ሲቋረጥ የሚገኘውን ክፍያ ከመቀጠር ከሚገኝ ገቢ ስለሚቆጥረው፣ ግብር አሳቢው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የክፍያውን ዓይነት ነው።

«ዳረጎት»ን በበኩሌ አልወደውም። «ጡረታ» ልጅ ወላጁን ከሚጦርበት ግሥ የወጣ ሲሆን፣ «ዳረጎት» ግን የችሮታ ሽታ አለበት፤ ወታደሩ ደግሞ ከወር ደመወዙ ሲያዋጣ የኖረ ነው። ሆኖም ሕጉ የያዘውን ስያሜ ተርጓሚ ለባዕድ ነገር ሊያውሰው አይገባም። ለአሜሪካው ክፍያ «የሠራዊት መሰናበቻ ክፍያ» የሚለውን አቀርባለሁ፤ በመጀመሪያው ገጽም «በአሜሪካ ሕግ» የሚል ቅጽል ይታከልበት።