ባሕሩን የሚደብቅ መንገድ፤ ከሞምባሳ እስከ ማሊንዲ

ናይሮቢ የምንኖር ሰዎች «ወደ ባሕር ዳር እንውረድ» ስንባባል፣ የምናየውን አስቀድመን የምናውቅ ይመስለናል፤ ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ሰማያዊ ውኃ። የአስጎብኚዎች በራሪ ወረቀትም ይህንኑ ያጸናልናል። ሆኖም እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የኬንያ የባሕር ጠረፍ ክፍለ ሀገር ይባል በነበረው ምድር፣ የኒያሊን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ሰሜን መኪና የሚነዳ ሰው መገረሙ አይቀርም። እስከ ማሊንዲ ባለው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ባሕሩ እምብዛም አይታይም። የሚታየው የቪፒንጎ የቃጫ እርሻ፣ የሆቴል አጥርና የተዘጋ የግቢ በር ነው። ኪሊፊ ድልድይ ላይ ብቻ ወሽመጡ ለአፍታ ወለል ይልና እንደገና ይሰወራል። (እዚያ የሚሸጠውን የካሹ ለውዝ ግን ማለፍ አይገባም።)

የመንገዱን ጉድለት ይቅር እላለሁ። ይቅር ለማለት የሚከብደኝ ገዲ ላይ የሚነገረን ታሪክ ነው።

ገዲ ከማሊንዲ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ በጫካ መካከል ያለች የድንጋይ ከተማ ናት። መስጊዶች፣ ቤተ መንግሥት፣ የውኃ ጉድጓዶች፣ በሂጅራ 802 ማለትም በ1399 እ.ኤ.አ. ቀኑ የተቀረጸበት መቃብር አላት። ወረቀቶቹ «ምስጢራዊቷ የጠፋች ከተማ» ይሏታል። ለማን ነው የጠፋችው? በዙሪያዋ የሚኖሩት የሚጂኬንዳ ሰዎች ስፍራውን መናፍስት የሚኖሩበት አድርገው ሲያከብሩት ኖረዋል። ጄምስ ከርክማን ከ1948 ጀምሮ ሲቆፍር የቻይና ሸክላና የቬኒስ ዶቃ ማግኘቱ እውነት ነው፤ አስጎብኚው ግን የከተማዋ ክብር ከባሕር ማዶ በመጣ ሳሕን ላይ የቆመ ይመስል ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች የእነዚህ ከተሞች መሠረት የጠረፉ የስዋሂሊ ሕዝብ ራሱ መሆኑን አስረድተዋል፤ ይህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ደግሞ ጆሮውን የሚያቆምበት ነገር አለ። ገዲ የሚለው ስም ከኦሮምኛ የመጣ፣ ትርጉሙም «ውድ» ነው ይባላል። ከተማዋ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ባዶ ስለ መቅረቷ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱም የኦሮሞ ወደ ደቡብ መስፋፋት ነው፤ የጉድጓዶቹ ውኃ እየራቀ መሄዱም ከምክንያቶቹ ይቆጠራል። ወረቀቶቹ የኦሮሞን ስም የሚያነሡት ለማፍረስ ብቻ ነው። አፈረሰ የተባለ ሕዝብ ያፈረሰውን «ውድ» ብሎ የሚሰይምበት ምክንያት ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አላነበብኩም። ምስጢር ከተፈለገ ይኸው ነው።

ዩኔስኮ ገዲን በ2024 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። አብዛኛው ጎብኚ ግን ለጦጣዎቹ ሙዝ ሰጥቶ፣ በሃያ ደቂቃ ወጥቶ፣ ማሊንዲ የቫስኮ ዳ ጋማ ዓምድ ሥር ፎቶግራፍ ለመነሣት ይቸኩላል። እዚያም ታሪኩ ከ1498 ይጀመርለታል፤ ማሊንዲ ከዚያ 83 ዓመት ቀድማ ለቻይና ንጉሠ ነገሥት ቀጭኔ በመርከብ የላከች ከተማ መሆኗን ሳይሰማ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል።