«አዳልጦት ነው»

ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰፈር ወሬም ከታክሲ ወሬም የማትጠፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «ብስክሌተኛው አዳልጦት አውቶቡስ ሥር ገባ።» ሰሚው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ «ይቺ ዝናብ!» ይላል፣ ነገሩ በዚሁ ያልቃል።

ብዙ ዘመን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የሰማሁትን ዓረፍተ ነገር ሳልበትን ማለፍ አይሆንልኝም። ይቺንም በትኛት ነበር። «ገባ» የተባለው ብስክሌተኛው ነው። አውቶቡሱ የቆመ ቤት ይመስል ምንም አላደረገም፤ ልጁ ነው ሄዶ የገባበት። «አዳልጦት» የሚለውስ? አዳለጠው፤ ማን? አማርኛችን «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «አዳለጠኝ» የሚሉ፣ ባለቤታቸው የማይታይ ግሦች አሉት። ለረሃብና ለብርድ ምንም አይሉም። ለመንገድ ግን አደገኛ ናቸው፤ መንገድ ሠሪ አለው፣ ጠባቂ አለው፣ ነጂ አለው። ለሁሉም ዝናቡን ተጠያቂ ማድረግ ይቀላል፤ ዝናብ አይከሰስማ!

እስኪ ለግሡ ባለቤት እንፈልግለት።

በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ ዘይት፣ ናፍጣ፣ አቧራና የጎማ ብናኝ ሲጠራቀም ይከርማል። የመጀመሪያው ካፊያ ይህን ሁሉ አጥቦ አይወስደውም፤ አንስቶ ያላቁጠዋል እንጂ። ስለዚህ ለብስክሌተኛ ዶፉ ከመውረዱ በፊት ያለችው፣ ብዙዎቻችን «ይቺማ ምን ታረጋለች» የምንላት ጠል ታስፈራለች። ቀጥሎ ቀለሙ አለ። ዜብራውና የመስመር ማካፈያው ተራ ለስላሳ ቀለም ከሆነ፣ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። የቱቦው የብረት ክዳንም እንደዚያው። የጎርፍ መውረጃው ፍርግርግ ብረቱ ወደ መንገዱ አቅጣጫ ከተዘረጋ ቀጭኑን ጎማ ይውጠዋል። ጉድጓዱ ደግሞ ውኃ ሞልቶት ሜዳ መስሎ ይጠብቃል።

ባለ አራት እግር አንዱ ጎማ ቢከዳው ሦስቱ ያቆሙታል። ብስክሌት ያለው ሁለት ነው፤ የፊተኛው ከከዳ ነጂው መሬት ላይ ነው። ፍሬኑም አለ። ቸርኬውን ከግራ ከቀኝ ቆንጥጦ የሚይዘው ዓይነት ፍሬን ሲረጥብ በመጀመሪያ ውኃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚይዘው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንዲት ሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ይጓዛል። ፍሬኑ ውኃ ሲጠርግ ልጁ የት እንደሚደርስ እናንተው አስሉት።

እንግዲህ ወደ አውቶቡስ መስመሩ እንምጣ። የራሱ መስመር በሌለበት ጎዳና ብስክሌተኛው ያለው የቀኝ ዳር ነው። ዳሩ ደግሞ የአውቶቡስ መስመር ነው። ሰው የጫነ ትልቅ አውቶቡስ ከ15 ቶን በላይ ይመዝናል። ያ ሁሉ ክብደት በየቀኑ እዚያው ፌርማታ ላይ ፍሬን ሲይዝና ሲነሳ አስፋልቱ ይጎረብጣል፣ ይሰረጉዳል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ናፍጣም ይንጠባጠብበታል። ፍርግርጉና ክዳኑ የሚበዛውም እዚያው ዳር ነው። «ተጋሩ» ብለን ለደካማው የሰጠነው ከመንገዱ ሁሉ የባሰ የሚያዳልጠውን ቁራጭ ነው።

ይህም ሆኖ መጋራቱ በራሱ ክፉ አይደለም። በለንደን ብስክሌተኞች በአብዛኞቹ የአውቶቡስ መስመሮች እንዲነዱ ይፈቀድላቸዋል። የአውቶቡስ ሾፌር ሥራው መንዳት ነው፤ የት እንደሚቆምም ይታወቃል። መስመሩ የአውቶቡስ ብቻ ከሆነ በደቂቃ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ችግሩ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። የእኛን ከተማ የሥራ መውጫ ሰዓት አስቡት። ቪ-ኤይቱ ይገባበታል፣ ሚኒባሱ ይገባበታል፣ ባለ ቪትዙ «ለአንድ ደቂቃ» ብሎ ይገባበታል። በዚያ የሚገባ ሰው ሊቀድም ነው የገባው፤ ስለዚህ ይፈጥናል። ዓይኑም የሚፈልገው ፊት ለፊት የቆመ ትራፊክ ፖሊስ እንዳለ ነው። ብስክሌተኛውን አይፈልግም፤ ያልፈለጉት ደግሞ አይታይም።

አደጋው የሚደገሰው እንዲህ ነው። አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ይቆማል። ብስክሌተኛው በቀኝ በኩል እንዳያልፍ ተሳፋሪ ይወርዳል። ስለዚህ በግራ ሊያልፈው ይወጣል። ለመውጣት የረጠበውን የቀለም መስመር አግድም ማቋረጥ አለበት። ልክ ያን ጊዜ መስመር የሰረቀው መኪና አውቶቡሱን ሸሽቶ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፣ ክላክሱን ያምባርቀዋል። ልጁ ደንግጦ ፍሬን ይይዛል። ከዚያ በኋላ እኛ «አዳልጦት ነው» እንላለን።

«እነሱስ ቢሆኑ?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። መብራት የላቸውም፣ በተቃራኒ መስመር ይመጣሉ፣ ስልክ እያወሩ ይነዳሉ። እውነት ነው፤ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፣ ሊታረሙም ይገባል። ነገር ግን ሚዛኑን አትርሱ። የብስክሌተኛው ስህተት የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ነው። የመኪናው ስህተት የሚገድለውም እሱኑ ነው። እንግሊዞች ይህን በመንገድ ደንባቸው ጽፈውታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በጥር 2022 ባሻሻሉት ደንብ፣ የበለጠ ጉዳት ማድረስ የሚችለው የበለጠ ኃላፊነት ይሸከማል። እኛ ዘንድ ግን የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል።

ምሣር የሚበዛበት ያለ ምክንያት አይደለም። ብስክሌት ለኛ የልጅነት ነገር ነው፤ በዙር እየተከራየን ጉልበታችንን የላጥንበት። ያደገ ሰው መኪና ይገዛል፤ በብስክሌት የቀረ ያላለፈለት ነው ብለን ደምድመናል። ሞተር ብስክሌት ያለ ልዩ ፈቃድ በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ ከታገደበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን፣ ጀርባቸው ላይ ሣጥን አዝለው ምግብ የሚያደርሱ ብስክሌተኛ ወጣቶችን አይተናል። ዶፍ ሲወርድ ማን ይወጣል? ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ደውሎ ያዛል። ደውሎም «ምነው ቆየህ?» ይላል። ያ ልጅ ለእንጀራው ሲል ከናፍጣውና ከቀለሙ ጋር ይታገላል፤ ቤቱ የሚጠብቁት አሉ።

የተሠራውን መካድ አይገባም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች በተመረጡ ቀናት ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፍተዋል። ከተማዋ እስከ 2028፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። ደግ ነው። ሆኖም የብስክሌት መስመር በኅዳር ፀሐይ፣ በእሑድ ጠዋት አይመዘንም። በሐምሌ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ዝናብና ግርግር በተጋጠሙበት ሰዓት ነው የሚፈተነው። መስመሩ አልቆ ብስክሌተኛው ከአውቶቡሱ ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ ማለቴ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም የብስክሌት ቀን ያለው ግንቦት 26 ላይ ይውላል፤ ለእኛ የክረምት ዋዜማ ነው። ለሰልፍ ከሚሆን ቱቦ መጥረጊያና ክዳን ማስተካከያ ቢሆን እመርጣለሁ።

የሚጠየቀው ሰማይ የሚነካ አይደለም። ቀለሙ አሸዋማ፣ ጎማ የሚይዝ ይሁን። ክዳኑ ከአስፋልቱ እኩል ይቀመጥ፤ ፍርግርጉ አግድም ይዙር። ከአውቶቡስ መስመሩ ያልተፈቀደለት ይውጣ፤ ቪ-ኤይትም ቢሆን። ባለ መኪናው ብስክሌት ሲቀድም ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ፣ በዝናብ ደግሞ ይጨምር፤ ቦታ ከሌለ ከኋላ ይጠብቅ። ብስክሌተኛውም ፍሬን ቀደም ብሎ ይያዝ፣ ቀለምና ብረት ላይ መሪውን አይጠምዝዝ፣ በቀንም ቢሆን መብራቱን ያብራ፣ የቆመ አውቶቡስን በቀኝ አይለፍ።

ይህ እስኪሆን ድረስ ቢያንስ አነጋገራችንን እናርም። ልጁ ሲወድቅ «ማን ቀባው? ማን ክፍት ተወው? ማን መስመሩን ሰረቀው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ስም ይኖረዋል። ስም ያለው ጥፋት ደግሞ ይታረማል፤ ዝናብን ግን ማንም አርሞት አያውቅም።