ቀጭን ፈትልና ሚዛኑ

ነጠላ የሚያደንቅ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጥበቡ ላይ ነው። ቀጥሎ ሸማኔውን ያመሰግናል። ፈታይዋን የሚያነሳ ግን እምብዛም የለም። እኔ ፈታይ ነኝ፤ ላፍቶ ውስጥ በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መሀል እየኖርኩ ጎጃም ከሴት አያቴ የተማርኩትን ሥራ እሠራለሁ። ስለዚህ ሸማን የማየው ከክሩ በኩል ነው፤ ከዚያ በኩል ሲያዩት ደግሞ ብዙው ነገር በሸማኔው እጅ ሳይገባ ያለቀ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ጥጡ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ነው። ከዚያ ለስላሳ ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ እየዳመጡ ፍሬውን ማውጣት፣ ቀጥሎም በደጋን ነድፎ ባዘቶ ማድረግ ይመጣል። ለመንደፍ የሚቸኩል ሰው ኋላ ይከፍላል። ባዘቶው ውስጥ የቀረች ትንሽ ቋጠሮ እንዝርቱ ጋ ስትደርስ ክሩ እሷ ላይ ይወፍርና ከጎኗ ይሳሳል፤ ሸማኔው ሲወጥረው የሚበጠሰው የሳሳው ነው።

ከዚያ እንዝርት። ግራ እጅ ባዘቶውን ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል፤ ቀኝ እጅ እንዝርቱን ጭን ላይ አሽከርክሮ ወደ ታች ይሰደዋል። እንዝርቱ በአየር ላይ በሚዞርባት አጭር ጊዜ ጣቶች ስንት እንደሚለቁና መቼ እንደሚይዙ መወሰን አለባቸው። ጥምዙ ከበዛ ክሩ ራሱ ላይ ይተበተባል፤ ካነሰ ይላላና ይለያያል። ድር የሚሆነው ክር በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ ስለሚውል ጠንከር ብሎ መጠምዘዝ አለበት። ማግ ላላ ይላል፤ ልስላሴውና ሙቀቱ ከእሱ ነው። ለጋቢ ወፍራም ማግ፣ ለነጠላ ቀጭን። በበጋው ደረቅ ነፋስ ጥጡ ይሰባበራል፣ ስለዚህ ቀጭኑ ማለዳ ይፈተላል፣ ወፍራሙ ለቀትር ይቆያል። አያቴ ይህን ሁሉ በቃል አላስተማረችኝም። አጠገቧ አስቀምጣ፣ ክሬ ሲበጠስ «እጅሽ ይስማ» ብላ ዝም ትላለች። በየትኛውም መጽሐፍ ያላየሁት ትምህርት ነው፤ የኖረው ከሴት ወደ ሴት፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው።

ዕድሜውም ረጅም ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ኖባን መውጋቱን ባስጻፈበት ድንጋይ ላይ ካጠፋው ሀብት መካከል ጥጥ ተጠቅሷል። ቤተ ክርስቲያናችንም መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበስራት ሐርና ወርቅ አስማምታ እየፈተለች እንደነበር ታስተምራለች። አያቴ በሰንበትና በማርያም እንዝርት አታነሳም ነበር፤ በሌላው ቀን ደግሞ እንዝርት የያዘችን ሴት ሥራ ፈት የሚላት አልነበረም።

አሁን ድሩ የፋብሪካ ሆኗል። በዚህ ብዙ አላዝንም፤ ድር መፍተል ጉልበት ይጨርሳል፣ የፋብሪካውም ክር ጠንካራ ነው። የሚያስጨንቀኝ ማጉ ነው። ማጉም አክሪሊክ እየሆነ፣ ከውጭ የሚገባ ማሽን ያተመው ጨርቅም የሐበሻ ልብስ ተብሎ እየተሸጠ ነው። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ጎዳናው ነጭ በነጭ ይሆናል፤ ከዚያ ነጭ ውስጥ የሴት እጅ የፈተለውን ልለይ ስሞክር ዓይኔ ይደክማል።

ሰዎች «ወጣቶቹ መማር አይፈልጉም» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የጎረቤቴ ልጅ በጥቂት ጊዜ ጥሩ ማግ ማውጣት ቻለች። ቀጭኑን ላስተምራት ስል ግን «እትዬ፣ ቀጭኑን ስፈትል ቀኑ ያልቃል፤ ገንዘብ የሚሆነው ወፍራሙ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ፈትላችንን የሚገዙን በሚዛን ነው። የአንድ ስንዝር ክር ክብደት በግማሽ ሲቀንስ ከአንድ ኪሎ ጥጥ የሚወጣው ርዝመት እጥፍ ይሆናል፤ ቀጭን ክር ደግሞ በየስንዝሩ ተጨማሪ ጥምዝ ስለሚፈልግ ጊዜው ከእጥፍም ያልፋል። ዋጋው ግን ያው የኪሎው ዋጋ ነው። ድሮ «ቀጭን ፈታይ» ማለት ትልቅ ሙገሳ ነበር፤ ዛሬ ሚዛኑ ቀጭን ፈታይዋን ይቀጣታል። ቀድሞ የሚጠፋውም የእሷ እውቀት ነው፤ ወፍራም ማግ የምትፈትል ሴት ገና ለብዙ ዘመን ትኖራለች።

ሌላ መንገድ እንዳለ በቅርባችን ይታያል። እዚሁ ክፍለ ከተማችን መካኒሳ ውስጥ ካናዳዊቷ ካቲ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረተችው ሳባሃር የተባለ የሽመና ድርጅት የእጅ ፈትል ይዞ ይሠራል። የጉሎ ቅጠል የሚበላውን የኤሪ ትል ሐር ጭምር ያስፈትላል፤ ያ ሐር እንደ ሌላው ሐር ከኮኩኑ በአንድ ወጥ ክር ስለማይመዘዝ እንደ ጥጥ መፈተል አለበት፣ ስለዚህ የፈታይ እጅ ይፈልጋል። ከሩቅ ደግሞ የፔሩዋን ኒልዳ ካላኛውፓ አልቫሬዝን አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 ከባልደረቦቿ ጋር በኩስኮ ባቋቋመችው የሽመና ማዕከል የኬችዋ ሸማኔዎች ልጆችን ያስተምራሉ፤ በሚሸጠው ጨርቅ ላይም የሠራችው ሴት ስም ይጻፋል። የእኛ ነጠላ የጥበቡ ዓይነት እንጂ የፈታይዋ ስም ተነግሮለት ሲሸጥ አልሰማሁም።

እኔና አንድ ሸማኔ ኪሎውን ትተናል። የምንዋዋለው «የአንድ ነጠላ ማግ» ብለን ነው፤ ዋጋው በቅጥነቱ ልክ ይቆረጣል። ክሩ ሲቀጥን ለአንዱ ነጠላ የሚገባው ጥጥ ያንሳል፣ ድካሜ ግን ይከፈላል። እሱም ነጠላውን ሲያስረክብ ማን እንደፈተለችው ለገዢው ይናገራል። ሌሎቹ ሸማኔዎች ገና አልተቀበሉትም፤ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ላነጋግራቸው አስቤያለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ቀጭኑን የጀመረችው በዚህ ዋጋ ነው፤ የመጀመሪያዋን የነጠላ ማግም ለዚሁ ሸማኔ አስረክባለች።