ተመልካች፣ ቁጥርና ባለቤት፦ ከ«ስታር ትሬክ» እስከ ቃና

«ስታር ትሬክ» የተሰኘው የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤንቢሲ መታየት ከጀመረ በኋላ የተመልካቹ ቁጥር እየቀነሰ ሄደ። ሊቋረጥ ነው በተባለ ጊዜ አድናቂዎቹ ደብዳቤ በማጉረፍ ሦስተኛ ምዕራፍ አስገኙለት። ጣቢያው ግን ወጣቱ ከቤት ወደማይገኝበት ወደ ዓርብ ምሽት አራት ሰዓት ወሰደው፤ በ1969ም አቋረጠው። አዘጋጁ ዴሲሉ ቀደም ብሎ በ1967 ለገልፍ ኤንድ ዌስተርን ተሽጦ ነበር። አድናቂዎቹ የድራማውን ዕድሜ ቢያራዝሙም በሰዓቱም ሆነ በባለቤትነቱ ላይ ሥልጣን አልነበራቸውም።

ይህ ገጠመኝ በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተነሣውን የቃና ቴሌቪዥን ክርክር ለመመርመር ይረዳል። ሞቢ ግሩፕ የተባለው የውጭ ኩባንያ የተሻረከበት ይህ ጣቢያ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ፣ የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ብርቱ ተቃውሞ አሰሙ። ደጋፊው የተመልካቹን ብዛት፣ ተቃዋሚው የባህልንና የሙያተኛውን እንጀራ ጠቀሰ። በሁለቱም ዘንድ ተመልካቹ በማስረጃነት ተጠራ እንጂ ቃሉን እንዲሰጥ አልተጠየቀም።

የብዛቱ ማስረጃም ራሱ ምርመራ ይሻል። ኢትዮጵያውያን በሚያስተዳድሩት የጁባ ምግብ ቤት አንድ ቴሌቪዥን ለብዙ ታዳሚ ያገለግላል፤ በቤተሰብ የሚቆጥር መለኪያ ይህን ጉባኤ አያየውም። ያልተቆጠረ ተመልካች ደግሞ ለማስታወቂያ አይሸጥም፤ ስለዚህ ፍላጎቱ በመርሐ ግብሩ ላይ አይመዝንም። እንግዲህ የቴሌቪዥን ሂስ «ድራማው መልካም ነውን?» ከሚለው ጋር «ማን ቆጠረ? ለማንስ ሸጠ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።