ማሽኑን አይተን ጥጡን ረሳን

«የኢንዱስትሪ አብዮት እንዴት ተጀመረ?» ብላችሁ አንድ ተማሪ ጠይቁ። «ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ሠራና...» ይላችኋል። አይፈረድበትም፤ እኛም የሸመደድነው ይህንኑ ነው። ግን ጎበዝ፣ ያ ሞተር ማንቸስተር ላይ ያሽከረከራቸው ፋብሪካዎች ምን ነበር የሚፈትሉት?

ጥጥ ነዋ! ጥጥ ደግሞ እንግሊዝ አገር አይበቅልም። በጥጥ ጨርቅ የታወቀችው ህንድ ነበረች። የእንግሊዝ የሱፍና የሐር ሠራተኞች «ገበያ አጣን» ብለው ቢጮኹ፣ ፓርላማው በ1721 (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ባለቀለም የጥጥ ጨርቅ መሸጥንም መልበስንም ከለከለ። የነፃ ገበያው ስብከት የመጣው ማሽኑ ከደረሰ በኋላ ነው።

ጥጡንስ ማን ለቀመው? በ1793 ኤሊ ዊትኒ አሜሪካ ውስጥ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ሠራ። ሥራ ያቀልላል ሲባል የባሪያ ፈላጊ አበዛ። በ1860 አሜሪካ ውስጥ 4 ሚሊዮን ያህል ባሮች ነበሩ፤ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ከሚገባላቸው ጥጥ ሦስት አራተኛው ያህል የእነዚህ ሰዎች ላብ ነበር። የታሪክ ሊቁ ስቬን ቤከርት በ2014 ስለ ጥጥ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት «የጦርነት ካፒታሊዝም» ይለዋል። እውነት ነው፣ ባሪያ ብቻውን ፋብሪካ አይተክልም፤ ብራዚልም ባሪያ ነበራት። ግን ማሽኑን አወድሶ ለቃሚውን መዝለል ታሪክ አይባልም።

«ይሄ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። በ1861 አሜሪካኖች እርስ በርስ ሲዋጉ ጥጡ ቆመ፣ ዋጋው ሰማይ ነካ። የግብፁ ኢስማኤል በጥጥ ገንዘብ ሰከረ። ጦርነቱ አልቆ ዋጋው ሲወርድም መበደሩን አልተወም። ጦሩን አስፋፋ፣ ከዚያው ጦርነት የተረፉ አሜሪካዊ መኮንኖችንም ቀጠረ። ያ ጦር ወዴት ዘመተ? ወደ እኛው! በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራዕ ላይ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል መታው። ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር መሪዎች አንዱ የነበረው ሎሪንግ፣ አገሩ ላይ ለባሪያ ፈንጋዩ ደቡብ የተዋጋ ጄኔራል ነበር። በዚያው በ1876 የግብፅ ካዝና ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በ1882 እንግሊዝ አገሪቱን ያዘች።

እኛም የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ሼዱን ቆጥረን አጨበጨብን። ማጨብጨቡ አይከፋም። ግን ጥጡ ከየት ይመጣል? ሸሚዙን የምትሰፋው ልጅ የቤት ኪራይ ከፍላ ምን ይተርፋታል? ይህን ሳንጠይቅ ብንቀር፣ የልጅ ልጆቻችንም ስለ እኛ ዘመን የሚሸመድዱት የማሽኑን ስም ብቻ ይሆናል።