ስለ እንግሊዝኛ ግስና ስለ አገባቡ

የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ልጅ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛውን ትምህርት የሚቀበለው በእንግሊዝኛ ነው። ቃሉን አንድ በአንድ ያውቃል፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ይሰወርበታል። «ሉክ» አየ ማለት ነው፤ «አፍተር» በኋላ ማለት ነው፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ ግን ጠበቀ፣ ተንከባከበ ይሆናሉ። ይህን ያልሰማ ልጅ «እረኛው በጎቹን ይጠብቃል» የሚለውን «እረኛው በጎቹን በኋላ ያያል» ብሎ ይፈታና መንጋውን ለቀበሮ ይሰጣል።

ስለዚህ ነገር ሁለት ዐሳብ ይሰማል። አንዱ «ይህ ቋንቋ ሥርዓት የለውም» ይላል፤ ሁለተኛው «ይህስ የኛው ሰምና ወርቅ ነው» ይላል። ሁለቱም ሊመረመሩ ይገባል።

ሥርዓት የለውም ማለት የራስን ቋንቋ መርሳት ነው። በአማርኛ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ግሳቸው አንድ ነው፤ ሰውየውን ከእስር የምታወጣውና ወደ እስር የምታገባው ግን አንዲት ፊደል ናት። በግዕዝም «ቆመ» መቆም ነው፤ «ቆመ ላዕሌሁ» ግን ተነሣበት፣ ተቃወመው ይሆናል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔ የተማረ ሁሉ ግስን ከአገባቡ ነጥሎ መፍታት ስሕተት መሆኑን ያውቃል።

ሰምና ወርቅ ነው ማለትም ሚዛን ያጎድላል። ባለቅኔ ሰሙን የሚያኖረው ሰሚው ሁለቱንም እንዲያይ ነው፤ ሰሙ ቢጠፋ ቅኔው ይፈርሳል። «እጅ ሰጠ» ሲባል ግን የጐጃም ገበሬ ተሸነፈ ብሎ ይሰማል እንጂ እጅን አያስብም። እንግሊዞችም ለዚሁ ነገር «ጊቭ አፕ» ይላሉ፤ ቃሉ «ወደ ላይ ሰጠ» ነው፤ ነገር ግን ወደ ላይ የሚመለከት የለም። ወርቁ በልማድ ጸንቶ ሰሙ ቀልጦ ሄዷልና። ስለዚህ ምርምር ብቻውን አይበቃም። «ሉክ ዳውን ኦን» ቁልቁል አየ፣ ይኸውም ናቀ ማለት መሆኑን አስተዋይ ይደርስበታል፤ «ፑት አፕ ዊዝ» ታገሠ ማለት መሆኑን ግን ካልሰማ አያገኘውም።

ቮልፍ ሌስላው በ1973 እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ያሳተሙት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት የሚመሰገነው ስለዚህ ነው፤ ቃሉን ብቻውን ሳያቆም በዐረፍተ ነገር ውስጥ ያሳየዋል። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁም በ1979 ዓ.ም. በ«የአማርኛ ፈሊጦች» የኛን ልማድ ሰብስበዋል። ለተማሪው የሚያሻው የሁለቱን ሥራ የሚያጋጥም፣ ፈሊጥን በፈሊጥ የሚፈታ መምህር ነው።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፤ ግሱን ከአገባቡ ጋራ በአንድ መስመር፣ ከሙሉ ዐረፍተ ነገር ጋራ አስጽፉት፤ «ጊቭ አፕ»ንም ከማስፈታታችሁ በፊት «እጅ ሰጠ» ምን እንደ ሆነ ጠይቁት። የራሱን ፈሊጥ ያስተዋለ ልጅ የባዕዱን አይፈራም።