አስታማሚና ነርስ፦ ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌል መጽሐፍ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከክሪሚያ ጦርነት መልስ፣ እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣችው የሕሙማን አጠባበቅ መጽሐፍ የነርስነት ሙያ መሠረት ነው ሲባል እንሰማለን። ይሁን እንጂ ደራሲዋ ራሷ በመቅድሟ መጽሐፉ ለነርስ ማስተማሪያ እንዳልተጻፈ፣ የሌላውን ጤና ለምትጠብቅ ሴት ሁሉ የቀረበ ምክር እንደ ሆነ ትናገራለች። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ለሁለቱ አንድ ቃል ስለሚጠቀም ነገሩ ይደበላለቃል፤ እኛ ግን አስታማሚና ነርስ ብለን እንለያቸዋለን። መጽሐፉ የሚናገረው ለአስታማሚዋ ነው።

በዚህ ወሰን ሲመዘን እጅግ መልካም ነው። ስለ ሕመምተኛው ደኅና አደረ ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም ትላለች፤ ስንት ሰዓት እንደ ተኛ፣ መቼስ እንደ ተኛ ይጠየቅ እንጂ። ባዶ ተስፋና ምክር ይዘው ስለሚመጡ ጠያቂዎች የጻፈችውንማ የአገራችን ጠያቂ ሁሉ ቢያነበው በወደድን ነበር። በፍቅር ያዘነች ወይም ለሌላ ሥራ ያልበቃች ሴት ሁሉ መልካም ነርስ ይወጣታል የሚለውንም አስተሳሰብ በብርቱ ትነቅፋለች።

እንግዲህ ሙያው ትምህርት ከፈለገ መንገዱ በየት ነው? መልሱ ከመጽሐፉ ይልቅ በሥራዋ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1860 በሎንዶን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በስሟ የተከፈተው ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት ሥልጠና ይሰጥ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን ሠልጣኞቹ በሁለት ተከፈሉ፦ የቀለቧን የምትከፍል ወይዘሮ ለአለቅነት ትታጫለች፤ የድኻ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በአልጋ ዙሪያ ትቀራለች። ከዚህም በላይ ነርሶች በፈተና ተመዝነው በመዝገብ ይግቡ የሚለውን አሳብ፣ ጠባይ በፈተና አይለካም ብላ ተቃወመች። የእንግሊዝ መዝገብ በሕግ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1919፣ እርሷ ካረፈች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

ምክንያቷ ከንቱ አይደለም። የእንቅልፉን ሰዓት የምትጠይቀውን ነርስ ከማትጠይቀው የሚለይ ፈተና እኛም አላየንም። ነገር ግን መዝገብ ከሌለ የነርሲቱ ዕድል በአንዲት አለቃ ምስክርነት ላይ ይንጠለጠላል፤ ሕመምተኛውም ማን እንደ ተማረችና ማን እንዳልተማረች አያውቅም።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የኅብረተሰብ ነርሶችን ከጤና መኮንኖችና ከሳኒታሪያኖች ጋር ሲያሠለጥን፣ ለነርሲቱ ከሆስፒታል ውጭም ስፍራ ሰጥቷታል። ዛሬ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ እስከ ማስትሬት ዲግሪ መማር ይቻላል። መጽሐፉን ለመጀመሪያ ዓመት የነርስ ተማሪዎች እንስጥ ብንባል፣ ሕመምተኛን ስለ መመልከት የሚናገረውን ምዕራፍ እንመርጣለን፤ ስለ ሥራቸው ደረጃና ዕድገት ግን ከሌላ መጽሐፍ ይማሩ።